አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት እንዴት ይጫናል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉም ማሽን ላይ አይገባም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። ተማሪው እጅ ላይ ያለው ዩዝድ ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ማሽኑ ገና ጉልበት አለው። ያረጀው ላዩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው።

ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ፣ ከሊኑክስ ቤተሰብ የሆነ ሲስተም ነው። በነጻ ይገኛል፣ ክራክ አይፈልግም፣ ኮዱም ክፍት ነው። አንዱ ያወረደውን ለሌላው ቢያባዛ ሕግ አልጣሰም። በ22 ቁጥር የሚጀምሩት እትሞቹ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሊኑክስ ሳይጫን ይሞከራል። ከፍላሽ ላይ ተነስቶ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ሀርድ ዲስኩን አይነካም። “ሊኑክስ ሞክሬ ዋይፋይ እምቢ አለኝ” ብሎ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ሙከራ ዘልሎታል። እባካችሁ አትዝለሉት።

ለማን አይሆንም?

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ አውቶካድ ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይጫንም። ሒሳብ የምትሠሩም ብትሆኑ ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ዋይን በሚባል መሣሪያ አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን መክፈት ይቻላል፤ ግን የእንጀራ ሥራ በእሱ ላይ አይጣልም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሌለ የማይሆንላችሁ ከሆነ ዊንዶውሱን አታጥፉት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ጫኑ።

ለጽሑፍ፣ ለሠንጠረዥ ሥራ፣ ለኢንተርኔት፣ ለፊልምና ለፕሮግራሚንግ ግን ሚንት ብቻውን ይበቃል። ጽሑፍና ሠንጠረዥ የሚሠራበት ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል። የፍላሽ ቫይረስም እፎይ ያሰኛል። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲገኝ ታውቃላችሁ። ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሚንት ላይ አይነሳም። የተደበቁት ፎልደሮችም ፍላሹ እንደተሰካ እዚያው ቁጭ ብለው ይታያሉ።

ማውረድና ፍላሽ ማዘጋጀት

ሚንት ሲናመን፣ ማቴና ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉ ሦስት መልኮች አሉት። ራማችሁ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢን ውሰዱ፣ ቀለል ያለው እሱ ነው። 8 ጊጋ ካላችሁ ሲናመን ያምራል። ትንሹ መስፈርት 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ የዲስክ ቦታ ነው። እኔ ግን ከ50 ጊጋ በታች አልመክርም፣ ቶሎ ይሞላል።

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት ወይም ካወረደ ጓደኛ ገልብጡ። ካወረዳችሁም፣ ከሰው ከተቀበላችሁም ግን ፋይሉ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። ግማሹ ላይ ኮኔክሽን የተቆረጠበት ፋይል ጤነኛ መስሎ ተቀምጦ መሀል መንገድ ላይ ጉድ ይሠራል። ሩፉስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ክፈቱ። ፋይሉን መርጣችሁ አጠገቡ ያለችውን የራይት ምልክት ስትጫኑ ኤስኤችኤ 256 የሚል ረጅም ቁጥር ያወጣላችኋል። 64 ፊደልና አኃዝ ነው። በሚንት ድረ ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። አንዷ እንኳ ከተለየች ፋይሉ ተበላሽቷል፣ እንደገና አውርዱ።

ከዚያ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ሰክታችሁ እዚያው ሩፉስ ላይ “ስታርት” በሉ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሠርግ ፎቶም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ካለበት አስቀድማችሁ አውጡ። ገበያው ላይ 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን ያን ያህል የማይዝ የውሸት ፍላሽ አለ። ከተጠራጠራችሁ ሩፉስ ፍላሹን የሚፈትሽበት ምርጫ አለው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ውሸቱን ያጋልጣል።

ከፍላሹ ማስነሳትና መሞከር

ላፕቶፑን አጥፉ። ዊንዶውስ ላይ ስታጠፉ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ “ሻት ዳውን” በሉ፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በተለምዶው መንገድ ሲጠፋ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ስለሚሆን ኋላ ላይ ዲስኩን ከሊኑክስ መክፈት ያስቸግራል።

ፍላሹን ሰክታችሁ ስታበሩ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ ከዚያ ኤፍ 9 ደጋግማችሁ ምቱ። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አብሽሩ፣ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ካርድ ጉዳይ ነው። እንደገና አስነሱና “ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ” የሚለውን ምረጡ።

ዴስክቶፑ ሲመጣ ላዩ ላይ “ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት” የምትል ምልክት ታያላችሁ። አሁን አትንኳት። መጀመሪያ ላፕቶፑን ፈትኑት። ዋይፋዩ ኔትወርኮችን ያሳያል? አንድ ቪዲዮ ክፈቱ፣ ድምፅ አለ? የስክሪን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች ይሠራሉ? ካሜራው ይከፈታል? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ይነቃል? ሁሉንም የኪቦርድ ቁልፎች አንድ በአንድ ጻፉባቸው፤ ዩዝድ ላፕቶፕ ላይ የሞተ ቁልፍ ብርቅ አይደለም። ያልሠራውን ወረቀት ላይ ያዙ። ከፍላሽ ሲነሳ ትንሽ መዘግየቱ ያለ ነገር ነው፤ በዚያ አትፍረዱበት።

ዋይፋዩ ካልታየ ተስፋ አትቁረጡ። በተለይ ብሮድኮም የሚባለው የዋይፋይ ካርድ ለብቻው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋል። መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት የሚለው ቦታ ገብታችሁ “ዩኤስቢ ቴዘሪንግ”ን አብሩ። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኬብል ኢንተርኔት ያየዋል፤ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። ከዚያ “ድራይቨር ማናጀር” የሚለውን ከሜኑው ከፍታችሁ የሚያቀርብላችሁን ምረጡ። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ግን ምርጫው አይበራም፤ ዳታ የሚያሳልፍ ገመድ ፈልጉ።

መጫን

ዶክመንታችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ይህን ሳታደርጉ አትቀጥሉ። ባትሪውን ሙሉ፣ ቻርጀሩን ሰኩ። እኛ አገር መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ዲስክ በሚከፋፍልበት ሰዓት መብራት ቢጠፋበት ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ባትሪያችሁ የማይይዝ ከሆነ ጄኔሬተር ያለው ሰው ጋ ሄዳችሁ ብትጭኑ ይሻላል።

ዊንዶውስ ውስጥ ቢትሎከር መኖሩን እዩ። ዲስኩ በእሱ ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁልፉን ሳትይዙ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ምንም አትቀይሩ።

አሁን ምልክቷን ክፈቱ። ቋንቋና ኪቦርድ ይጠይቃል፣ እንግሊዝኛ ብላችሁ እለፉ፤ አማርኛው በኋላ ይመጣል። “መልቲሚዲያ ኮዴክስ” የሚለውን፣ ማለትም የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ ተጨማሪዎቹን፣ ብትመርጡ ዳታ ይወስዳል፤ ኢንተርኔት ውድ ከሆነባችሁ ተዉትና በኋላ ጫኑት።

ቀጥሎ የሚመጣው ገጽ ላይ ረጋ በሉ። “ኢሬዝ ዲስክ” የሚል ምርጫ አለ። እኛ ጋ “ፎርማት ላስደርግ” ሲባል ሰው የሚያስበው ሲ ተጠርጎ ዲ እንደሚቀር ነው። ባለሙያውም ፊልሙንና ዶክመንቱን ዲ ላይ አስቀምጦ ሲን ብቻ ያድሳል። ይኼኛው እንደዚያ አይደለም። ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ፤ ሙሉው ዲስክ ባዶ ይሆናል። ይህን ምርጫ የምትመርጡት ምንም የሚቀር ነገር ከሌለ ብቻ ነው።

ዊንዶውሱ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ “ኢንስቶል አሎንግሳይድ” የሚለውን ምረጡ። እኔ የምመርጠው መንገድ ግን አስቀድሞ ዊንዶውስ ውስጥ “ዲስክ ማኔጅመንት” ገብቶ ከሲ ላይ 50 ጊጋ ያህል በ“ሽሪንክ” ማስለቀቅ ነው። ዊንዶውስ የራሱን ዲስክ ራሱ ቢያሳጥር ይሻላል።

የቀረው ቀላል ነው። የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ፣ ሁለቱም ያው ናቸው። ስምና ፓስወርድ ስጡ፤ ፓስወርዱን አትርሱት፣ ፕሮግራም በጫናችሁ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ሲያልቅ ፍላሹን ነቅላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ኮዴክሱን ስትመርጡ የ“ሴኪዩር ቡት” ፓስወርድ ጠይቋችሁ ከነበረ፣ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ “ኢንሮል” የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፓስወርድ አስገቡ።

ሲያስቸግር

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር “ሬይድ” ወይም “አርኤስቲ” ተብሎ ሊሆን ይችላል። “ኤኤችሲአይ” ወደሚለው ሲቀየር ይታያል። ዊንዶውስ ካለ ግን እንዲሁ ዘላችሁ አትቀይሩት፤ ዊንዶውሱ መነሳት ሊያቆም ስለሚችል ከሚያውቅ ሰው ጋር ሁኑ።

ሪስታርት ስታደርጉ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሳ፣ ሚንት አልጠፋም። ባዮስ ገብታችሁ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን እዩ። “ኡቡንቱ” የሚል ስም ታገኛላችሁ። ሚንት በኡቡንቱ ላይ ስለተሠራ እዚያ በዚያ ስም ነው የሚመዘገበው። እሱን ወደ ላይ አውጡት። ይህም ካልሠራ በፍላሹ አስነሱና ሜኑው ውስጥ ያለውን “ቡት ሪፔር” ሞክሩ።

ድምፅ ከሌለ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ውፅዓቱ “ኤችዲኤምአይ” ላይ ሆኖ እንደሆነ አይታችሁ ወደ ስፒከር መልሱት።

የዩዝድ ላፕቶፕ ሌላው ጣጣ ሰዓት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ስትሞት፣ ዋናው ባትሪም የማይይዝ ከሆነ፣ ቻርጀር በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰው ይህን እንደ ኢንተርኔት ችግር ያየዋል። ብሮውዘሩ ድረ ገጾችን “ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም” ብሎ አልከፍትም ይላል፣ አፕዴቱም ይከለክላል። ኔትወርኩን ከመርገም በፊት ቀኑን እዩ። ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ለመድረስ መፍታት ይጠይቃል።

ሁለቱን ጎን ለጎን የጫናችሁ ደግሞ አንዳንዴ ዊንዶውሱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 3:00 ፒኤም መሆን ሲገባው፣ 12:00 ይላል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚይዝ ነው፤ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ሴቲንግ ገብታችሁ “ሲንክ ናው” ስትሉ ይስተካከላል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ፋኑን አትርሱ። ሙቀቱ ከደሴ ይበልጣል፤ አቧራ የሞላው ፋን ያለበት ማሽን የትኛውም ሲስተም ላይ ይንቀራፈፋል። ሊኑክስ አቧራ አይጠርግም፣ አስከፍታችሁ አስጠርጉት።

ከተጫነ በኋላ

መጀመሪያ “ታይምሺፍት”ን ክፈቱና የሲስተሙን ቅጂ አስቀምጡ። ነገ አፕዴት አንድ ነገር ቢያበላሽ ወደዚያ ቀን ትመለሳላችሁ። የግል ዶክመንት ግን በልማዱ አይጨምርም፤ እሱን ለብቻ ገልብጡ። ከዚያ “አፕዴት ማናጀር”ን አስነሱ። የመጀመሪያው አፕዴት ብዙ መቶ ሜጋ ሊሆን ስለሚችል በሞባይል ዳታ አትጀምሩት።

ለአማርኛ ጽሑፍ “ሲናፕቲክ” የሚለውን ከፍታችሁ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። “ኢንፑት ሜተድ” ገብታችሁ አይባስን ምረጡ፣ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። የአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛ፣ ቀጥሎ “ሴራ” የሚለውን ጨምሩ። በላቲን ፊደል እየመታችሁ ግዕዙ ይወጣል። ከስልክ ኪቦርድ የለመዳችሁት ዓይነት ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ግን ይለያያል።

ሊብሬኦፊስ ውስጥ ከሌላ ሰው የመጣ ሰነድ ስትከፍቱ ሁለት ነገር ያጋጥማል። በዊንዶውሱ ኒያላ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ፎንቱ ሚንት ላይ ስለሌለ በሌላ ይተካል፤ ጽሑፉ ይነበባል፣ የገጽ አከፋፈሉ ግን ይዛባል። ለመምህር ወይም ለመሥሪያ ቤት የምትልኩትን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፣ በሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ይታያል። ሰነዱ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ከመጣ ደግሞ ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች በኮምፒውተር የሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የድሮ ፋይል ላይ ይህ ብዙ ያጋጥማል። ያ ፎንት ያለበት ኮምፒውተር ላይ አስከፍታችሁ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት።