«ኮንትሮቨርቲዶ» ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ካልጠፋ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። ከሚያስቸግሩኝ የስፓኒሽ ቃላት አንዱ «ኮንትሮቨርቲዶ» ነው።

ምልክት። የፍርድ ቤት ሰነድ ተርጉመህ ላክህ። «ኤቾስ ኮንትሮቨርቲዶስ»ን (ተከራካሪዎች ያልተማመኑባቸውን ፍሬ ነገሮች) «ኮንትሮቨርሻል ፋክትስ» (አወዛጋቢ ፍሬ ነገሮች) ብለሃል። አራሚው በቀይ አስምሮ መለሰልህ።

መንስኤ። «ኮንትሮቨርቲዶ» እና «ኮንትሮቨርሻል» ዘመዳሞች ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የስፓኒሹ «ኮንትሮቨርቲር» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ መከራከር፣ መሟገት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የስፔን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከዋናው ችሎት በፊት የሚካሄድ ቀጠሮ አለው። እዚያ ተከራካሪዎቹ የተማመኑበትና የተካካዱበት ነገር ይለያል። ያልተማመኑበት «ኮንትሮቨርቲዶ» ነው። በእኛ ፍርድ ቤት ጭብጥ (የሚያከራክረው ነጥብ) ሲያዝ እንደምናየው ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ኮንትሮቨርሻል» ግን ጫጫታ ይፈልጋል።

ከብሎኩ ጀርባ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተካሰው ነበር። አንዱ «ግማሽ ሜትር ገፍቶኛል» ይላል። ሌላው «ውሸት ነው፣ ድሮም እዚሁ ነበር» ይላል። ያቺ ግማሽ ሜትር «ዲስፒውትድ» (የተካደች) ናት። «ኮንትሮቨርሻል» ግን አይደለችም፤ ከሁለቱ ቤት በቀር ጉዳዬ ያላት የለም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው የሚነታረክበት የፍጹም ቅጣት ምት ግን እሱ «ኮንትሮቨርሻል» ነው።

መፍትሄ። መጀመሪያ በአማርኛ ሞክረው። «የተካደ» ካስኬደ «ዲስፒውትድ» ወይም «ኢን ዲስፒውት» በል። «አወዛጋቢ» ካስኬደ «ኮንትሮቨርሻል» ይሁን። ጋዜጣ ስለ አንድ ፖለቲከኛ «ኮንትሮቨርቲዶ» ካለ ሁለተኛው ነው፣ አትጨነቅ።

ሌላ ምልክት። «ፖሌሚኮ»ን «ፖሌሚካል» አልከው። የእንግሊዝኛው ብዕሩን ለጥቃት የሳለ ጽሑፍ ነው፤ የስፓኒሹ አብዛኛውን ጊዜ አወዛጋቢ ማለት ብቻ ነው። «ዲስኩቲዶ»ም «ዲስከስድ» ይመስላል፣ ግን ሰው ያልተስማማበት ነው።

የመጨረሻው፣ እኔን ያሳፈረኝ። «ኮንቴንሲዮሶ አድሚኒስትራቲቮ» የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔን ተቃውሞ የሚቀርብ ክስ ነው። «አድሚኒስትሬቲቭ ሊቲጌሽን» ማለት ነበረብኝ። «ኮንቴንሸስ» ብዬ ላክሁት። ደንበኛዬ በማግስቱ ደወለና «ይሄ ፍርድ ቤት ለምንድን ነው ጠበኛ የሆነው?» አለኝ።