ከአዳማ ተነስቶ ትራክ ላይ ሞተር መንዳት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ

ትራክ ዴይ ውድድር አይደለም። ዋንጫም ሽልማትም የለውም። ከፍላችሁ ትገባላችሁ፤ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በሌለበት ዝግ አስፋልት ላይ ትዞራላችሁ። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ትራክ ስለሌለ ጉዞው በቦሌ በኩል ነው። ለእኛ ከሚታሰቡት መካከል የዱባይ አውቶድሮምና በጆሃንስበርግ አቅራቢያ ያለው ካያላሚ ይገኙበታል። የዱባዩ እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ፤ ሙሉ ዙሩ 5.39 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም ኩርባ ይበዛባቸዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የነጂው ዓይንና ፍሬን አያያዝ ነው ዙሩን የሚያፈጥነው።

1. አዳማ ላይ ተለማመዱ

የወንጂን ወይም የሶደሬን መንገድ ማለቴ አይደለም። እዚያ የሚሯሯጡ ልጆች አሉ፤ እባካችሁ አትምሰሏቸው። አስፋልት ወይም ኮንክሪት የለበሰ ባዶ ግቢ ፈልጉና ባለቤቱን አስፈቅዱ። ጠዋት ይሻላል። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ እነዚያ ተርባይኖች ያለ ምክንያት አልተተከሉም።

ሁለት ውሃ የተሞሉ ሃይላንዶች አራርቃችሁ አስቀምጡና በዙሪያቸው የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ዙሩ። ፍጥነት አያስፈልግም። የፊት ጎማውን አትዩ፤ አንገታችሁን አዙራችሁ ቀጥሎ የምትደርሱበትን ሃይላንድ እዩ። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል።

ከዚያ ፍሬን። የፊት ፍሬኑን እንደ ሎሚ ቀስ በቀስ ጭመቁት። ክብደቱ ወደፊት ሲመጣ የፊት ጎማው አስፋልቱን ይበልጥ ይይዛል፤ ያኔ መጨመር ትችላላችሁ። በድንገት ከጨበጣችሁት ግን ክብደቱ ሳይደርስ ጎማው ይቆለፋል።

2. የከፍታውን ልዩነት አስቡ

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ዱባይ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ናት። እዚህ የለመዳችሁት ዓይነት ሞተር እዚያ ሲበረታባችሁ አትደንግጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ነዳጅ ቆጠብ አድርጉ። ካያላሚ ግን ራሱም ደጋ ስለሆነ ልዩነቱ ብዙም አይሰማችሁም።

3. ልብስና ሞተር

ሙሉ የቆዳ ልብስ፣ የጀርባ መከላከያ፣ አገጭ የሚሸፍን ሄልሜት፣ የእጅ አንጓ የሚሸፍን ጓንት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ ጫማ። ጂንስና ጃኬት ለብሳችሁ በር ላይ ብትመለሱ አዘጋጆቹን አትቀየሙ። ሞተርም ልብስም የሚከራይ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሞተሩ ቢወድቅ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ አንብቡ።

የተከራያችሁትንም ቢሆን የፍሬን ሸራውን፣ ሰንሰለቱንና ጎማውን እዩ። ስፖኪዮ ይነቀላል ወይም ይሸፈናል፤ መብራት ላይ ፕላስተር ይለጠፋል። ጎማ ትራክ ላይ በጣም ስለሚሞቅ አየሩ ያብጣል። ስለዚህ ከመንገዱ ልክ ዝቅ ተደርጎ ይሞላል። ቁጥሩ እንደ ጎማው ዓይነት ይለያያል፤ እዚያው ያለውን መካኒክ ጠይቁ እንጂ የሰፈር ጎሚስታ ግምት ይዛችሁ አትሂዱ።

4. የጠዋቱ ገለጻ አያምልጣችሁ

ቡድን ሲመረጥ የጀማሪውን ያዙ። አንድ ጊዜ ስትገቡ ትራኩ ላይ የምትቆዩት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ባንዲራዎቹን ሸምድዱ፦ ቢጫ ከፊት አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው። ቀይ ሲውለበለብ ፍጥነት ቀንሳችሁ ወደ ትራኩ መግቢያ (ፒት) ትመለሳላችሁ። ጥቁርና ነጭ ዳማ ጊዜው ማለቁን ይነግራል።

5. የኩርባ አያያዝ

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ጎማ ለማሞቅና መንገዱን ለማየት ተጠቀሙባቸው። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ዋናውን ፍሬን ያዙ፤ ማርሽ ቀንሱ። ከመንገዱ የውጭ ጠርዝ ተነስታችሁ ውስጠኛውን ጠርዝ ተመልከቱ። ወደ ግራ ለመታጠፍ የመሪውን ግራ ጫፍ ወደፊት ግፉት፤ ሞተሩ ይተኛል። ሞተሩ እየተኛ ሲሄድ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፤ ቀና እያለ ሲመጣ ነዳጅ ጨምሩ።

ጀማሪ የሚሳሳተው ቶሎ መታጠፍ ላይ ነው። ቶሎ የታጠፈ ሰው ውስጠኛውን ጠርዝ ቀድሞ ይነካና መውጫው ላይ መንገድ ያጥረዋል። ትንሽ ዘግዩ። ኩርባዎች ሲደራረቡ ደግሞ ወደ ረጅሙ ቀጥታ የሚያወጣችሁ የመጨረሻው ነው። እሱን በደንብ ለመያዝ የፊተኛውን በዝግታ እለፉት።

ፈጥናችሁ ከገባችሁ ዳር ዳሩን አትዩ። መውጫውን እያያችሁ ሞተሩን ትንሽ ጨምራችሁ አስተኙት፤ ብዙ ጊዜ ጎማው ከእናንተ ድፍረት በላይ ይችላል። ፈጽሞ የማይሆን ከመሰላችሁ ግን ሞተሩን ቀና አድርጋችሁ ፍሬን እየያዛችሁ ከአስፋልቱ ውጡ። አፈር ላይ ስትደርሱ የፊት ፍሬኑን ልቀቁ።

ከኋላ ፈጣን ሰው ሲመጣ ለማሳለፍ ብላችሁ ዘወር አትበሉ። መስመራችሁን ያዙ፤ በደህና ማለፍ የሚያልፈው ሰው ኃላፊነት ነው።

6. መውጣት

ወደ መግቢያው ስትመለሱ እጃችሁን ወይም እግራችሁን ዘርጉ፣ ከኋላ ያለው ይወቅ። በየእረፍቱ ውሃ ጠጡ። ክንዳችሁ ከደከመ መሪውን አንቃችሁታል ማለት ነው፤ የነዳጅ ታንኩን በጉልበታችሁ ያዙና እጃችሁን አላሉ። ከሰዓት በኋላ መስመራችሁን መሳት ከጀመራችሁ የቀረውን ዙር ተዉት። በራሳችሁ ሞተር የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የጎማውን አየር ወደ መንገዱ ልክ መልሱ።