ከጎጃም መጥታችሁ ዌብ ለመማር ላሰባችሁ፦ ከየቱ ይጀመር?

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣ ወይም ከባሕር ዳር ወደ ውጭ አገር መጥታችሁ የሥራ ፈቃድ እስኪወጣ የምትጠብቁ ወንድም እህቶቼ፣ በዚህ ጊዜ ዌብ ዴቨሎፕመንት (የድረ ገጽ ሥራ) ለመማር ማሰባችሁ ደስ ይለኛል። ችግሩ ከየት እንደሚጀመር ሁሉም የተለያየ ነገር ይነግራችኋል። እኔ የምላችሁ አስቀድማችሁ ኤችቲኤምኤል፣ ቀጥሎ ሲኤስኤስ፣ ከዚያ ጃቫስክሪፕት ተማሩ ነው። ሪአክትን ለጊዜው ተዉት።

ኤችቲኤምኤል ርዕሱ፣ አንቀጹና ፎቶው የቱ እንደሆነ ለብራውዘሩ ይነግራል፤ ሲኤስኤስ መልኩን ያበጃል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሰው ሲነካው ገጹ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል። ሪአክት ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው፣ በጃቫስክሪፕት ላይ የቆመ መሣሪያ ነው። ቋንቋውን ሳትይዙ ከገባችሁበት፣ ኮዱ እንቢ ሲል ጥፋቱ ከመሣሪያው ይሁን ከቋንቋው መለየት ያቅታችኋል። ጎበዝ ልጅ ተስፋ ቆርጦ ሲተወው የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ያሳዝነኛል።

የቅኔ ትምህርት ቤቶቹን ዋሸራን ወይም ጎንጅን የምታውቁ ሥርዓቱ አይጠፋችሁም። የቅኔ ተማሪ በስምንት ቤቱ መወድስ አይጀምርም፤ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እሷንም ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። እናንተም የምትማሩበትን ቪዲዮ አቁሙና ያያችሁትን ሳትገለብጡ ከራሳችሁ ጻፉት።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ስለ ጮቄ ወይም ስለ ጢስ ዓባይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይሁን። የሠራችሁትን ገጽ ኢንተርኔት ላይ በሚያወጣው በጊትሃብ ፔጅስ በነፃ ልቀቁትና ሊንኩን ደጀን ወይም ፍኖተ ሰላም ላለ ዘመድ ላኩ። በስልኩ፣ ጥቅል ገዝቶ የሚከፍት ሰው ከማንኛውም ፈተና የበለጠ ያስተምራችኋል። 4 ሜጋባይት ፎቶ ከጫናችሁ ሲጎተት ይቆያል፣ ጥቅሉንም ይበላበታል፤ ወደ 200 ኪሎባይት አሳንሱት። ገጹ በስልኩ ስፋት እንዲከፈት ለብራውዘሩ የምትነግረውን የኤችቲኤምኤል መስመር (ቪውፖርት) ከረሳችሁ ጽሑፉ በስልክ ላይ ደቃቅ ይሆናል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ስልት የተቀመጠ መሆኑን ካላሳወቃችሁ ደግሞ ፊደላችን ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ ስላለ ከዚህ በላይ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ጃቫስክሪፕት ላይ ስትደርሱ የዕለቱን ቀን በእኛ አቆጣጠር የምታሳይ ሳጥን ጨምሩበት። ቋንቋው የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ያውቃል፤ መስከረምንም ጳጉሜንንም አስልቶ ያወጣላችኋል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ገና እግራችሁ ሳይተከል ተበድራችሁ ቡትካምፕ (የተፋጠነ የኮዲንግ ሥልጠና) አትግቡ። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ አሉ። ፍሪኮድካምፕና ኦዲን ፕሮጀክት በነፃ ያስተምራሉ፤ የግራ መጋባት መፍቻ ደግሞ የሦስቱንም ቋንቋዎች ማብራሪያ የያዘው የሞዚላው ድረ ገጽ ኤምዲኤን ነው። ላፕቶፕ ካልገዛችሁ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በነፃ ያስጠቅማሉ።

ሦስቱን ከያዛችሁ በኋላ ቀጣዩን ከመምረጣችሁ በፊት በምትኖሩበት ከተማ የወጡትን የጀማሪ ሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስባችሁ አንብቡ። ሪአክት ከተደጋገመ ያኔ ግቡበት፤ ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋና በእሱ የተሠራው የድረ ገጽ ማዘጋጃ ዎርድፕረስ ከበዙ በዚያ ሂዱ።