ከዘይትና ከቅቤ ጋር በተያያዘ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ኮሌስትሮል የለውም" የሚለውን አይቶ መግዛት

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር። ኮሌስትሮል ያለው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ወተት ውስጥ ነው። የአትክልት ዘይት፣ ርካሹም ሆነ ውዱ፣ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጽሑፉ እውነት ቢሆንም አንዱን ዘይት ከሌላው አይለይልንም።

መታየት ያለበት ሳቹሬትድ የሚባለው የስብ ዓይነት ነው። ጉበታችን ራሱ ኮሌስትሮል ይሠራል፤ የተረፈውንም ከደም ያነሳል። ሳቹሬትድ ስብ ሲበዛ ግን ጉበት ኤልዲኤል የተባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል የማንሳት አቅሙ ይዳከማል። ያ ብርድ ሲነካው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው። የሱፍ ዘይት ግን ከ100 ግራም ውስጥ 10 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። የኑግ ዘይትም አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ ሰውነታችን ሊሠራው የማይችለው፣ የግድ ከምግብ የምናገኘው፣ ኦሜጋ 6 ከሚባሉት የስብ ዓይነቶች አንዱ ነው።

የዋጋውን ነገር አውቃለሁ። ሱፍና ኑግ ለሁሉም ኪስ አይደሉም። የሚረጋውን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው መጠኑን ቢቀንስ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ቅባትን ጭራሽ መተው

ልባቸውን ፈርተው ጎመኑንም ካሮቱንም በውሃ ብቻ ቀቅለው የሚበሉ አሉ። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬን ሰውነት በደንብ የሚቀበለው ግን ከቅባት ጋር ሲበሉ ነው። ጎመኑ ላይ ጠብ የምትለው ዘይት ለጣዕም ብቻ አይደለችም።

በተለይ ለሕፃናት ይህን አታድርጉ። የእናት ጡት ወተት ከሚሰጠው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከስብ ነው። አንጎላቸው በፍጥነት እያደገ ስለሆነ ቅባት ያስፈልገዋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቅባቱ የወጣለት ወተት አይሆንም።

"የፆም ነው" ብሎ ዘይት ማንቆርቆር

ሽሮው ላይ ዘይቱ እስኪንሳፈፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሳምቡሳ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ ስታርችና ፕሮቲን 4፣ 4 ብቻ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው። ጠርሙሱን ከመዘቅዘቅ በማንኪያ መለካት ይሻላል።

ሲፈታም ልክ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ማለት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አብዛኛውን ይጨርሰዋል።

የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግሞ ማፍላት

ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ ቶሎ ከጨሰ ወይም ከሸተተ ይደፋ። በተደጋጋሚ ሲግል ይበላሻል፤ ለሰውነት የማይበጁ ነገሮችም ይፈጠሩበታል።

ተልባን ሳይፈጩ መጠጣት

ፍሬውን አሳድሮ ጠዋት መጠጣት ለሆድ ድርቀት ይረዳል። ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ስብ ግን ፍሬው ውስጥ ነው ያለው። ያልተፈጨ ፍሬ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ይፈጭ። ዱቄቱ አየር ሲያገኘው ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ፈጭታችሁ ከድናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት።