የተረፈ ሩዝ በወተት ተጋግሮ ለአንድ ሰው የሚሆን ጣፋጭ እንዴት ይሠራል

ከምሳ የሚተርፍ ሩዝ ብዙ ጊዜ አንድ ጭልፋ ነው። መጣሉ ያሳዝናል፤ ለእራት ደግሞ አይበቃም። በቤታችን ለዚህች አንድ ጭልፋ መላ ያመጣችልን ከቤይሩት የተመለሰችው ታላቅ እህቴ ናት። እዚያ ስትሠራ የለመደችውን ሩዝ በወተት ምድጃ ላይ ቀስ አድርጋ ታበስለውና የጽጌረዳ ውሃ ጠብ አድርጋ ታቀርብልን ነበር። ዓረቦቹ «ሪዝ ብሐሊብ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «ሩዝ በወተት» ማለት ነው። እኔ ያንኑ ወደ ኦቨን አሻገርኩት። ሲጋገር ላዩ ላይ የሚይዘው ቡናማ ስልባቦት ምድጃ ላይ አይገኝምና። ቱርኮችም ሱትላች የሚሉትን የሩዝና የወተት ጣፋጭ በትንንሽ የሸክላ ሳህን አድርገው ላዩ እስኪጠቁር ይጋግሩታል። በትራብዞን በኩል ያለችው ሐምሲኮይ የምትባል መንደር በአገሩ ሁሉ ስሟ የሚነሣው በሱትላቿ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው መጠን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሳንሼ የሠራሁትም ሆን ብዬ ነው። ለሁለት ሰው ለማድረስ አዲስ ሩዝ መቀቀል ከጀመራችሁ የተረፈውን መጠቀም መሆኑ ይቀራል።

ሩዙ ነጭ መሆን አለበት። በሽንኩርት፣ በዘይትና በካሮት የተሠራ ሩዝ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። እኔ ሩዙን ለብቻው ቀቅዬ አትክልቱን በኋላ ስለምቀላቅል፣ ከመቀላቀሌ በፊት አንድ ጭልፋ አነሣለሁ። ጨው ብቻ የገባበት ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። ረጅሙና ቀጭኑ ባስማቲ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ወተት ውስጥም ፍሬው ተለያይቶ መቅረት ይወዳል። አጠር ወፈር ያለው ሩዝ ግን ወተቱን እያወፈረ አብሮት ይዋሃዳል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ የሚመረተውን ሩዝ ሳገኝ እሱን እመርጣለሁ። የአካባቢው ሰው ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል።

ስለ አቀማመጡ ሳልናገር ወደ ሥራው አልገባም። ባሲለስ ሲሪየስ የሚባል ባክቴሪያ በጥሬ ሩዝ ላይ ይገኛል፤ ዘሩም መቀቀልን ይቋቋማል። የተቀቀለው ሩዝ ከውጭ ለሰዓታት ሲቀመጥ ዘሩ ነቅቶ ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ያ መርዝ ሩዙን እንደገና በማፍላት አይጠፋም። «መልሼ አበስለዋለሁና ምንም አይሆንም» የሚለውን አነጋገር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ስህተት ነው። የተረፈውን ሩዝ ሰፋ ባለ ሳህን ዘርግታችሁ ቶሎ እንዲበርድ አድርጉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በማግስቱም ተጠቀሙበት። ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ ምሳው እንደተነሣ ወዲያውኑ ሥሩት። ድስት ውስጥ ተከድኖ ያደረ ሩዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለሌላም አይሆንም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አምስት የሾርባ ማንኪያ የተቀቀለ ሩዝ (80 ግራም ገደማ)፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የአንድ እንቁላል አስኳል፣ ትንሽ የቀረፋ እንጨት ወይም ሁለት ሦስት የኮረሪማ ፍሬ፣ ቁንጥር ጨው፣ ለመቀቢያ የሚሆን ቅቤ። ያልተነጠረ የገበታ ቅቤ ማለቴ ነው፤ በቅመም የተነጠረው ለወጥ ይቆይ። ከወተት ቤት የመጣ ጥሬ ወተት ከሆነ አስቀድሞ ይፍላ። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ካገኛችሁ ትንሽ ስለሆነ ነጩንም ጨምራችሁ ሙሉውን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ጠንከር ያለ ይወጣል። እኔ የምወደው በአስኳል ብቻ የተሠራውን ለስላሳውን ነው። በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን የቫኒላ መዓዛ አልመክርም። ወተት ላይ ሲገባ የመድኃኒት ሽታ ይሰጣል፤ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ከዚያ ሁሉ ይበልጣል።

መጋገሪያው 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ እሳት የሚችል ወፍራም የሸክላ ወይም የሴራሚክ ሳህን ይሁን። የቆርቆሮ ኩባያ ጠርዙን ፈጥኖ ያደርቃል። ተራ የሻይ ብርጭቆ ደግሞ ይፈነዳል፤ አትሞክሩት።

አሁን ሥራው ሁሉ ወደተንጠለጠለበት ደረጃ እንግባ፤ ሩዙን ወተት ውስጥ ማለስለስ።

የመጀመሪያዬን የሠራሁት እናቴ ጥርሷን በተነቀለች ሰሞን ነበር። ለስላሳ ነገር ልሥራላት ብዬ ከማቀዝቀዣ ያወጣሁትን ሩዝ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከስኳር ጋር መትቼ በቀጥታ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። የተቀቀለ ሩዝ ነውና ኦቨኑ የቀረውን ይጨርሰዋል ብዬ አስቤ ነበር። ከ40 ደቂቃ በኋላ ላዩ አምሮ ወጣ። ከታች ግን ሩዙ ዘቅጦ፣ ፍሬው ጥሬ እስኪመስል ጠንክሮ፣ ዙሪያውን አጓት የመሰለ ውሃ ከቦት ነበር። እናቴ ላዩን በልታ የቀረውን ዝም ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ያን ቀን የታመመ ድድ ላይ ጠንካራ ሩዝ ማቅረቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህን ደረጃ ማንም እንዲዘለው አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩዝ ሲበስል በውስጡ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲቀዘቅዝ ያው ስታርች መልሶ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል፤ ዳቦ አድሮ የሚደርቀውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። መልሶ የሚለሰልሰው በፈሳሽ ውስጥ ሆኖ በደንብ ሲሞቅ ነው። እንቁላል የገባበት ወተት ግን ያን ያህል ሊሞቅ አይችልም። ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ሳያልፍ ይረጋል፤ ከዚያ በላይ ከገፋ እንደ አይብ ተበጣጥሶ ውሃውን ይለቃል። ለሩዙ የሚያስፈልገው ሙቀት ለእንቁላሉ ጥፋት ነው ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማብሰል መሞከር ነበር የእኔ ስህተት። ሩዙ መጀመሪያ ለብቻው ከወተት ጋር ይለስልስ፤ እንቁላሉ በኋላ ይምጣ።

ከ200ው ሚሊ ሊትር ወተት 150ውን ታቹ ወፈር ባለ ትንሽ ድስት አድርጉ፤ 50ውን ቀዝቃዛውን ለእንቁላሉ አቆዩት። ሩዙን በጣታችሁ ፈታ ፈታ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ ጓል እንዳለ ከገባ ውስጡ ሳይለሰልስ ይቀራል። ቀረፋውን ወይም ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያለውን ኮረሪማ፣ ጨውንም አግቡ። ስኳሩን ግን አሁን አታድርጉ። ስኳር ውሃውን ወደ ራሱ ስለሚይዝ ሩዙ የሚጠጣውን ይሻማዋል፤ ቀድሞ ከገባ የማለስለሻው ጊዜ ይረዝማል።

እሳቱ ዝቅ ይበል። ወተቱ ከዳር ዳር ብቻ ቡልቅ ቡልቅ ማለት አለበት፤ ከፈላ ይገነፍላል፣ ከታችም ይይዛል። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ባስማቲ ከሆነ እስከ 20። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ አገር ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ ያላችሁ ከእኔ ቀድማችሁ ልትጨርሱ ትችላላችሁ። በእንጨት ማንኪያ የድስቱን ታች እየነካችሁ በየደቂቃው አማስሉ። ያረረ ወተት ሽታው በቀረፋም በስኳርም አይሸፈንም። መያዝ ከጀመረ ታቹን ሳትፍቁ የላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጣችሁ ቀጥሉ።

መድረሱን ሰዓት አይነግራችሁም። አንድ ፍሬ አውጡና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ፍጩት። መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ወይም እህል የሚመስል ነገር ከተሰማችሁ ገና ነው። ሙሉ በሙሉ ተድጦ እንደ ቅቤ ጣት ላይ ከተለቀለቀ ደርሷል። ወተቱም በዚህ ጊዜ አንድ ሦስተኛው ያህል ጎድሎ ቀጠን ያለ ገንፎ መምሰል አለበት። ሩዙ ሳይለሰልስ ወተቱ ካለቀ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምሩ። ስኳሩ የሚገባው አሁን ነው፤ እስኪሟሟ አማስላችሁ ከእሳት አውርዱ፣ ቅመሙንም አውጡ።

ድስቱ አምስት ደቂቃ ይብረድ። አስኳሉን ካቆያችሁት ቀዝቃዛ ወተት ጋር በሹካ ምቱ፤ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ አይደለም። ከዚያ የሞቀውን ሩዝ በማንኪያ እያነሣችሁ እንቁላሉ ላይ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ እንደገና ጨምሩ። እንቁላሉን ወደ ትኩሱ ድስት ከገለበጣችሁት ወዲያው በስሎ ክር ክር ይላል።

ቅቤ በተቀባው ሳህን ገልብጡት። ዘቢብ የምትወዱ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ጥቂት ጣል አድርጉ።

ኦቨኑን 160 ዲግሪ አስቀድማችሁ አሙቁ። ሳህኑን ጎድጓዳ ትሪ ውስጥ አስቀምጡና የሳህኑን ግማሽ ቁመት እስኪደርስ ትሪው ላይ የሞቀ ውሃ አፍስሱ። ትሪውን መጀመሪያ ኦቨኑ ውስጥ አግብቶ ውሃውን እዚያው ማፍሰስ ይሻላል፤ ውሃ የያዘ ትሪ ተሸክሞ መሄድ እጅ ያቃጥላል። ውሃው ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። የሳህኑ ታችና ዙሪያ ከፈላ ውሃ በላይ እንዳይሞቅ የሚከላከለው እሱ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቨን ለአንድ ሳህን ከትልቁ የተሻለ ነው፤ ቶሎ ይሞቃል፣ መብራትም ይቆጥባል። የላይኛው ሽቦ ግን ቅርብ ስለሆነ ትሪውን ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት።

ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገር። ሳህኑን ነካ ስታደርጉት ዳሩ ረግቶ መሐሉ እንደ እርጎ ከተንቀጠቀጠ አውጡት፤ ሲበርድ ይረጋል። መሐሉም ድርቅ እስኪል ከጠበቃችሁ አልፎበታል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋና 20 ደቂቃ ያህል ከተጋገረ የኦቨኑን በር አትክፈቱ። የኦቨኑና የውሃው ሙቀት ቀስ እያለ ይጨርሰዋል፤ ሁለት ጊዜ ደርሶብኝ ሁለቱንም ጊዜ በደንብ ረግቶ አግኝቼዋለሁ። ላዩ እንዲጠቁር በመጨረሻ የላይኛውን እሳት ብቻ አብርታችሁ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ቆማችሁ ጠብቁ። በዚህ ሰዓት ከኦቨኑ ፊት አትራቁ።

ኦቨን የሌለው ቤት በድፎ ዳቦ ዘዴ መሥራት ይችላል። ሰፊ ድስት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ሳህኑን አስቀምጡበት፤ ቀለል ባለ የከሰል እሳት ላይ ጣዱት፤ በብረት ክዳን ክደኑና ክዳኑ ላይ የጋመ ፍም ደርድሩበት። ከታች ውሃው ያረጋዋል፣ ከላይ ፍሙ ያጠቁረዋል። ከ25 ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ከነፍሙ በጥንቃቄ አንሥታችሁ እዩት። አመድ እንዳይገባ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ መስኮቱም ይከፈት። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

በጾም ቀን የምትሠሩ በላም ወተት ፈንታ የኮኮናት ወይም ቤት ውስጥ ፈጭታችሁ ያጠለላችሁትን የኦቾሎኒ ወተት ተጠቀሙ። እንቁላል ስለማይገባ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ሩዙ ከለሰለሰ በኋላ ድስቱ ውስጥ ጨምሩና አንድ ደቂቃ ይንተክተክ። ምድጃው ላይ ስለሚወፍር ኦቨኑ የሚፈለገው ላዩን ለማጥቆር ብቻ ነው፤ ውሃውም አያስፈልግም።

ለብ እንዳለ ወይም ቀዝቅዞ ይበላል። ማር ከወደዳችሁ ከተጋገረ በኋላ ላዩ ላይ አፍስሱት፤ ከወተቱ ጋር ሲፈላ አንዳንዴ ወተቱን ይበጥሰዋል። እናቴ አሁን የምትወደው ለብ ባለው ላይ ማር ጠብ አድርጋ ነው፤ መጀመሪያ የምትበላውም የታችኛውን ነው። የተረፈ ሩዝ አንድ ጊዜ አድሯልና የተጋገረውን ደግሞ ለነገ አታሳድሩት። በዚያው ቀን ይበላ።