ገበሬው የማያፈርሰው እርከን እንዴት ይሠራል?

ጎጃም ደጋ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ አዲስ ለተመደባችሁ ባልደረቦቼ ነው።

ጥር ላይ ገመድና ውሃ ልክ ከመዘርጋታችሁ በፊት ከባለመሬቱ ጋር ማሳውን ዙሩ። «አያ፣ ሐምሌ ላይ ጎርፉ በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል?» በሉት። ፈሰስ (የጎርፍ ማስወጫ ትልም) የሚያወጣበትን፣ አፈሩ የሳሳበትን፣ ድንጋዩ ያገጠጠበትን እየረገጠ ያሳያችኋል። «ገበሬው መሬቱ መሸርሸሩን አያውቅም» የሚል ሰው በክረምት ከገበሬ ጋር ማሳ ላይ ቆሞ አያውቅም። ገበሬው እርከን የሚጠላው በምክንያት ነው፦ መሬት ይወስድበታል፣ ጥማድ ማዞሪያ ያሳጣዋል፣ አይጥ ይራባበታል፣ ሰርዶ ከእርከኑ ወደ ማሳው ይገባል፣ ውሃ ከተኛበት ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ሁሉም እውነት ነው። በደርግ ጊዜ ለጉልበቱ ስንዴና ዘይት እየተከፈለ ከተሠራው እርከን ብዙው በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ታርሷል፤ ገበሬው የእኔ አላለውማ! ኮንሶዎች ግን የድንጋይ እርከናቸውን ከአባት ወደ ልጅ እየጠገኑ አቆይተው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ልኬቱ ቀላል ነው። እኩል ቁመት ባላቸው ሁለት ዘንጎች መካከል 10 ሜትር ገመድ ወጥራችሁ ውሃ ልኩን መሃሉ ላይ አንጠልጥሉ። ተዳፋቱ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ይሁን፤ 10 በመቶ ተዳፋት ላይ በየ10 ሜትሩ ማለት ነው። እንደኛ ዝናብ በሚበዛበት አገር እርከኑ ወደ ቦዩ ትንሽ ያዘንብል፤ በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይበቃል። ቦዩ ግን ቀድሞ ይሠራ፤ አለዚያ ውሃው ጎረቤት ማሳ ላይ ይወርድና ጠብ ያመጣል። ቦታው ላይ ችካል ስትተክሉ መስመሩ በጣም ከተጠማዘዘ ባለመሬቱን «ሞፈሩ ይዞራል?» ብላችሁ ጠይቁና አቃኑት። 50 በ50 ሳንቲሜትር ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ታች ይጣል፤ ከጉድጓዱ አፍ አንድ ስንዝር ያህል ተትቶ ይከመር፤ በደንብ ተረግጦም 60 ሳንቲሜትር ይቁም። የበሬ መሻገሪያ መተው አትርሱ።

ሰኔ ላይ ዴሾ ሣር ወይም ጌሾ ይተከልበት። የትኛው እንደሚሻል የቤቱን እመቤት አማክሩ፤ ጌሾውን ገበያ የምታወጣው እሷ ናት። ሣሩ እየታጨደ ለከብት ይሰጥ እንጂ ከብት አይልቀቁበት።

ከሁሉ የሚከብደው የእኩል መሬት፣ ማለትም ምርቱን ለመካፈል ለሌላ አራሽ የተሰጠ መሬት ነው። ባሏ የሞተባት ወይም አቅም ያነሳት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ አራሹ ለከርሞ ሊነጠቅ በሚችል መሬት ላይ ጉልበቱን ማፍሰስ አይፈልግም። እሱን «ሰነፍ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ሁለቱንም ማሳው ላይ ጥሯቸው። ውሉ ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንዲሆን አግባቧቸው፤ እርከኑን ማን እንደሚጠግን፣ ሣሩንም ማን እንደሚያጭድ ሽማግሌዎች ባሉበት ውሉ ላይ ይጻፍ።