የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያለ ስጋት እንዴት ቻርጅ ይደረጋል፣ እንዴትስ ይነዳል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲገዛ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ውጭ ቢያድር ይሰረቃል ብሎ ማታ ወደ ቤት ያስገባዋል። ቦታ ስለሌለ በሩ ሥር ያቆመዋል። ሶኬቱም እዚያው ስለሆነ ቻርጀሩን ሰክቶ ይተኛል። ሌሊት ባትሪው በእሳት ቢያያዝ ሰውየው በየት ይወጣል? በሩ አንድ ነው፣ እሳቱም እዚያው ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በር ሥር ቻርጅ አታድርጉ፣ ሰክታችሁም አትተኙ።

ማጋነን አይደለም። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ የተነሳ 268 ቃጠሎ ደርሶ 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋም በዚያው ዓመት የደህንነት ደረጃ ያላሟላ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። እኛ ጋ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ይወራል። ስለ ብስክሌቱ ግን ያን ያህል አይወራም፣ ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድረው ደግሞ እሱ ነው።

መጀመሪያ ባትሪያችሁን እወቁት

ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ዓይነቱ ሊቲየም ነው ወይስ እንደ መኪና ባትሪ ከበድ የሚለው ሊድ አሲድ? ቮልቱ ስንት ነው? አምፒር ሰዓቱስ? ለምሳሌ 48 ቮልት፣ 13 አምፒር ሰዓት የሚል ከሆነ ሁለቱን ስታባዙ 624 ዋት ሰዓት ይመጣል፣ ባትሪው ሲሞላ የሚይዘው ኃይል ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ ከግድግዳው የሚስበው አንድ ኪሎዋት ሰዓት (1,000 ዋት ሰዓት) እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አከራያችሁ «ቆጣሪዬን ጨረሰው» ካሉ ይህን ቁጥር አሳይታችሁ በትህትና ማስረዳት ትችላላችሁ።

አሁን ቻርጀሩን ገልብጡና «አውትፑት» የሚለውን እዩ። ብዙ ጊዜ የሚገጥመው 48 ቮልት የሚባለው ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 54.6 ቮልት ይደርሳል፣ 36 ቮልት የሚባለው ደግሞ 42 ይደርሳል። ስለዚህ ቻርጀሩ ላይ የምታገኙት ቁጥር ከባትሪው ስም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። የሊድ አሲድ 48 ቮልት ቻርጀር ወደ 59 ቮልት ገደማ ያወጣል፣ ጫፉ ግን ከሊቲየሙ ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ውስጥ ገባ ማለት ለባትሪው ይሆናል ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ሁለት ብስክሌት ካለ ወይም ጎረቤት «ቻርጀርህን አውሰኝ» የሚል ከሆነ ቻርጀሩና ባትሪው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ቀቡ፣ ወይም ባለቀለም ፕላስተር ለጥፉ። ቻርጀሩ ከተበላሸ ምትኩን ስትገዙ ባትሪውን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ ቴስተር ካለው በፊታችሁ ይለካላችሁ።

የት ቻርጅ ይደረግ?

ባትሪው የሚፈታ ከሆነ፣ አብዛኛው ቁልፍ አለው፣ ብስክሌቱን ትታችሁ ባትሪውን ብቻ አንሱ። ጥሩው ቦታ ግቢ ውስጥ ዝናብም ፀሐይም የማያገኘው ሲሚንቶ ወለል ነው። ግቢው የማይሆን ከሆነ ቤት ውስጥ ከበሩ በጣም የራቀውን ግድግዳ ምረጡ። ባዶ ወለል ላይ አስቀምጡት፣ ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል የሚቀጣጠል ነገር አይኑር። አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ መጋረጃ ሥር በፍጹም አይሆንም። ቻርጀሩ ራሱ ይሞቃል፣ ስለዚህ ልብስ አይጣልበት፣ ባትሪው ላይም አይደረብ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ደረጃውና ኮሪደሩ የሁሉም ሰው መውጫ ነው፣ እዚያ አታስቀምጡ።

ቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰኩ። ባለ 2 አምፒር ቻርጀር የሚስበው ከ120 እስከ 130 ዋት ገደማ ነው፣ ለመስመሩ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ልል በሆነው ዲቫይደር ላይ ነው። ሶኬቱ ካልጠበቀ መገናኛው ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ፕላስቲኩ ይግላል፣ ቀስ ብሎ ይጠቁራል። ከሰካችሁ ግማሽ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጃችሁ ንኩት። ለብ ቢል ምንም አይደለም። ካቃጠላችሁ ከቆጣሪው በኩል አጥፉና ንቀሉት፣ ሶኬቱንም አስቀይሩ። ምጣድ ተጥዶ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችሁ ይሆናል። ምጣዱ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፣ ቮልቱ የሚወርደው ለዚህ ነው። ጋገራው እስኪያልቅ ቻርጀሩ ይቆይ። በአንድ ዲቫይደር ሁለቱን አንድ ላይ መሰካት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

መቼና እስከ መቼ?

ከመንገድ እንደገባችሁ ወዲያው አትሰኩ። ባትሪው ዳገት ሲወጣ ሞቋል፣ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ዝናብ መቶት ከሆነ የቻርጅ ቀዳዳውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ሰዓቱን አስቀድማችሁ አስሉት። 13 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ በ2 አምፒር ቻርጀር ከባዶ እስኪሞላ ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማለትም ከምሽቱ 12 ሰዓት ገብታችሁ ብትሰኩት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ሰዉ ሰክቶ የሚተኛው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱ ይገባኛል። መፍትሔው ግን ባዶ እስኪሆን አለመጠበቅ ነው። ለሊቲየም ባትሪ «እስኪያልቅ ተጠቀም፣ ከዚያ ሙላው» የሚባለው የድሮ ባትሪዎች ምክር ነው፣ አይሠራም። ግማሽ ሲደርስ ሰኩት፣ እራት በልታችሁ እስክትተኙ ሦስት አራት ሰዓት ያገኛል፣ ለነገ ይበቃል። እንዲያውም ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ቢቆይ ዕድሜው ይረዝማል። አልፎ አልፎ ብቻ እስከ መጨረሻው ሙሉት፣ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ባትሪዎች የሚመጣጠኑት ያኔ ነው። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉና ሲጮህ ንቀሉ።

ሊድ አሲድ ያላችሁ ተቃራኒውን አድርጉ። እሱ ጎድሎ መቆየት አይወድም፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ይሞላ። ሲሞላ ደግሞ በእሳት የሚቀጣጠል ጋዝ ሊወጣው ስለሚችል መስኮት ይከፈት፣ ከሰልና ሲጋራ አጠገቡ አይድረሱ።

መብራት ሲሄድስ? ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉት። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፣ ቻርጀር የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አምስት አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ለፍሪጅ የሚገዛው መከላከያ ካላችሁ ለቻርጀሩም ይሆናል፣ እሱ ራሱ ቮልቱ እስኪረጋጋ ጠብቆ ነው የሚለቀው። በጀነሬተር ከሆነ መጀመሪያ ጀነሬተሩ ይነሳና ድምፁ ይስተካከል፣ ከዚያ ነው የሚሰካው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ጎማውን ተጫኑት። ስንት አየር እንደሚይዝ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ ጎሚስታ ጋ በዚያ ልክ አስሞሉት። ብስክሌቱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል ጎማው ከጎደለ ከመነዳሪው ቶሎ ይቆረጣል። ባትሪው መቆለፉን ሳብ አድርጋችሁ አረጋግጡ። የፍሬኑን እጀታ ጨብጡት፣ ከመሪው ጋር ከተገናኘ ኬብሉ ልል ነው፣ ይጠበቅ።

ሰው የማይነግራችሁ አንድ ፍተሻ አለ። ብዙ ብስክሌቶች ላይ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ራሱ እንዲቆም የሚያደርግ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ እጀታው ውስጥ አለ። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሱና መሪው ላይ ያለችውን ጋዝ፣ ማለትም የፍጥነት መስጫዋን፣ በስሱ ንኩ። ጎማው ሲዞር ፍሬኑን ትንሽ ብቻ ጨበጥ አድርጉ። ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። የእናንተ ይህ ነገር ካለውና ካልቆመ ያ ብስክሌት መንገድ አይወጣም፣ ምክንያቱም አንድ ቀን እናንተ ልታቆሙት ስትታገሉ ሞተሩ ወደ ፊት ይገፋል።

ሲነሳ ደግሞ የሞተሩን እርዳታ ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ስታበሩት እግራችሁ መሬት ላይ፣ እጃችሁ ፍሬን ላይ ይሁን። ፔዳሉን ሳታስቡት ገፋ ካደረጋችሁት ተስፈንጥሮ ሊሄድ ይችላል። ተራ ብስክሌት ስትነዱ ያደጋችሁም ብትሆኑ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ተለማመዱ። ክብደቱና ፍጥነቱ ሌላ ነው። ሄልሜት አድርጉ፣ አጭር መንገድ ነው አትበሉ።

ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ታክሲ

አዲስ አበባ ላይ ይህ ብስክሌት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የነዳጅ ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪኩ ሞተር አየር አይፈልግም፣ ጉልበቱ ያው ነው። ግን ይግላል። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ጋዙን ጨብጣችሁ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ሞተሩም ባትሪውም ከልክ በላይ ግለው ሊበላሹ ይችላሉ። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን አቅልሉ፣ ፔዳሉን እናንተም ምቱ፣ ሞተሩ ይርዳችሁ። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ጉልበቱ ድንገት ከቀነሰ ወርዳችሁ አሳርፉት።

ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ተጠቀሙ። እስከ ታች ድረስ ጨብጣችሁ አትያዙ፣ ሲግል መያዝ ያቆማል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። ፍጥነቱን መቀነስ ያለባችሁ ደግሞ ከላይ ገና ስትጀምሩ ነው፣ ከተለቀቀ በኋላ ሠላሳ ኪሎ ብረትና የእናንተን ክብደት ማስቆም ከባድ ነው።

ሚኒባስ ታክሲን በቀኝ በኩል አትለፉ። ረዳቱ «ወራጅ አለ» ሲባል በሩን የሚከፍተው በዚያ በኩል ነው፣ ተሳፋሪውም ግራ ቀኝ ሳያይ ይወርዳል። ታክሲው ፍጥነት ሲቀንስ ካያችሁ ከኋላው ቆዩ። የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ የሠራላችሁ ሰፈር ካለ በእሱ ሂዱ፣ እግረኛ ስለሚበዛበት ግን ቀስ በሉ። ብስክሌቱ ድምፅ የለውም። ሰው ዞር ሳይል ሊገባባችሁ ስለሚችል ደወሉን ቀደም ብላችሁ ምቱ።

ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ያዳልጣል፣ ሳትዞሩ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ተራ ዝናብ ብዙውን ብስክሌት አይጎዳም፣ ጎማው መሃል ያለውን ሞተር የሚያሰጥም ጎርፍ ውስጥ ግን አትግቡ። ላቫጆ ወስዳችሁም በኃይለኛ ውሃ አታሳጥቡ፣ ውሃው በየመገናኛው ይገባል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ባትሪው ሲታመም

አገር ቤት ለሳምንታት የምትሄዱ ከሆነ ሊቲየሙን ግማሽ ገደማ ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ፀሐይ የሚያግለው የቆርቆሮ ክፍል አይሆንም።

ባትሪው ካበጠ፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ ከወትሮው በላይ ከጋለ፣ እንግዳ ሽታ ካመጣ፣ ከከፍታ ከወደቀ ወይም ውሃ ከገባበት ከእንግዲህ አትሰኩት። «ትንሽ ነው ያበጠው» የሚባል ነገር የለም። ባትሪውን ከፍቶ ውስጡ ያሉትን ያረጁ ትንንሽ ባትሪዎች አውጥቶ በሌላ የሚተካ ሰው ርካሽ ዋጋ ይጠራላችኋል፣ አዲስና አሮጌ የተቀላቀለበት ባትሪ ግን በጣም አደገኛ ከሚባሉት ነው።

ጭስ ከጀመረ ወይም የመንፋት ድምፅ ከሰማችሁ ባትሪውን ልታወጡ አትሞክሩ። ሰዎችን አስወጡ፣ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። የሊቲየም ጭስ መርዝ ነው፣ እሳቱም በሰከንዶች ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ጠፋ ካላችሁት በኋላም ከሰዓታት ምናልባትም ከቀናት በኋላ መልሶ ሊነሳ ስለሚችል ወደ ቤት አታስገቡት።

ያረጀውንም ቢሆን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉ፣ ለቆራሌም አትሽጡ። ልጁ በጆንያ ከብረታ ብረት ጋር ተሸክሞት ሲሄድ ጫፎቹ ከብረት ጋር ሊገናኙ ይችላሉ። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ መልሱት፣ እስኪቀበሏችሁ ድረስም ከቤት ውጭ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ።